መራራው ስጦታ፤ ስለ አማዞን የሥርዐት ሱረትና ስለ ተርጓሚዎቹ

በደቡብ አሜሪቃ አገር በቀል ሕዝቦች ዘንድ ትምባሆ ስላለው ሥፍራ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ሁሉ የዮሃነስ ዊልበርትን መጽሐፍ ሳይመለከት ማለፍ አይችልም። «ትምባሆና ሻማናዊነት በደቡብ አሜሪቃ» የተባለው ይህ ሥራ በ1987 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በዬል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ደራሲው ወደ 300 የሚጠጉ ማኅበረሰቦችን የሚመለከት ማስረጃ ከሚስዮናውያን መዝገብ፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከባሕል ተመራማሪዎች ጥናት አሰባስቦ አንድ ላይ ስላቀረበ፣ መጽሐፉ እስከ ዛሬ እንደ መዝገበ ማስረጃ ይቈጠራል፤ መቈጠሩም የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከታተመ ወዲህ ስለ አማዞን ሱረት ሌላ ዐይነት አነጋገር ተስፋፍቷል። ይኸውም ሱረቱ «ያነጻል፤ ሰውንም ከመሬት አገናኝቶ ያረጋጋል» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር በሳኦ ፓውሎና በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ከዚያም አልፎ በአውሮጳ ከተሞች ከሱረቱ ጋር አብሮ እየተሸጠ ስለሚሄድ፣ ነገሩን በሩቅ ለሚሰማ ሰው የባለቤቶቹ ትርጓሜ ይህ ብቻ ይመስለዋል። የዊልበርት ትንታኔ ከሊቃውንት ወገን፣ ይህኛው ደግሞ ከገበያ ወገን የመጣ ስለ ሆነ ሁለቱ የሚቃረኑ መስለው ይታያሉ። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ሁለቱም የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በመቃው ሌላ ጫፍ ያለው ሰው ነው።

አስቀድሞ ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። ቦታው በብራዚልና በፔሩ ወሰን ላይ ያለው የምዕራብ አማዞን ደን፣ ይልቁንም ጁሩዋ፣ ፑሩስና ጃቫሪ የተባሉት ወንዞች የሚፈሱበት አገር ነው። በዚያ የሚኖሩት ካሺናዋ (ራሳቸውን ሁኒ ኩዪን ብለው ይጠራሉ)፣ ያዋናዋ፣ ካቱኪና፣ ማሩቦ፣ ማቲስና ማትሴስ ሁሉም የፓኖ ቋንቋ ቤተሰብ ናቸው። የትምባሆው ቅጠል በእሳት አጠገብ ደርቆ ይወቀጣል፤ ከተመረጠ ዛፍ ከሚገኝ ዐመድ ጋር ይቀላቀላል፤ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስም ይነፋል። የዐመዱ ዛፍ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ይለያያል፤ ማትሴሶች ለምሳሌ የካካዎ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ልጥ ያገኙታል። ዐመዱ ለማሳመሪያ የተጨመረ አይደለም። አልካሊነት ስላለው ኒኮቲኑን ከቅጠሉ አላቅቆ በአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። የሃይደልበርግ ሁለት ሊቃውንት ፖሴልትና ራይማን ኒኮቲንን ለይተው ያወጡት በ1828 ሲሆን፣ የደኑ ሰዎች ግን ዐመድ ትምባሆን እንደሚያበረታ ከዚያ እጅግ አስቀድመው በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ሱረቱ የሚሰጠው ከመቃ ወይም ከአጥንት በተሠራ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው እንደ ባላ የተቀጠፈ አጭር ዕቃ ሲሆን አንዱን ጫፍ በአፍ፣ ሌላውን በአፍንጫ አድርጎ ሰው ለራሱ ይነፋበታል፤ ኩሪፔ ይባላል። ሁለተኛው ቴፒ የሚባለው ረጅሙ ነው፤ በዚህኛው አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ትንፋሹን ይይዛል፤ ነፊው ባንድ ብርቱ ትንፋሽ ዱቄቱን ወደ አንዱ አፍንጫ፣ ቀጥሎም ወደ ሁለተኛው ይሰድዳል። ወዲያው ዐይን ያለቅሳል፤ ንፍጥና ምራቅ ይወርዳል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ያልለመደውን ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ይመጣል። ዛሬ ነገሩ በዓለም የሚታወቅበት «ራፔ» የሚለው ስም የደኑ ቃል አይደለም፤ በፖርቱጋልኛ በኩል የመጣ የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ትርጕሙ «የተፋቀ» ማለት ነው። የአውሮጳ መኳንንት በወርቅ ሣጥን ይዘውት ይዞሩ የነበረው ሱረት ስም ለአማዞኑ ተሰጠው። ስሙ ከውጭ እንደ መጣ ትርጓሜውም ከውጭ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ መጠርጠር ይገባ ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለበት። «ሱረት» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚታየው ሱስ ነው፤ በቤተ ክህነት ዘንድ የተነቀፈ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አጥብቀው የከለከሉት ነገር ነው። «መንጻት» የሚለውን ሲሰማ ደግሞ ጠበልና ንስሓ ይታሰበዋል። «ያነጻል» የተባለውን የአማዞን ሱረት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እንግዲህ ሳያስበው አንዱን የተወገዘ ነገር ወደ ሌላው ወደ ተቀደሰው ያሻግረዋል፤ በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። ሻማን የሚለውን ቃል «ጠንቋይ» ብሎ መተርጐምም የዚያው ዐይነት ጥፋት ስለ ሆነ ቃሉን እንዳለ መተው ይሻላል።

ወደ ዊልበርት እንመለስ። ደራሲው ትምባሆ የሚወሰድባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ለይቷል፤ ማኘክ፣ ጭማቂውን መጠጣት፣ አፍልቶ ያወፈሩትን መላስ፣ ሱረቱን መሳብ፣ ማጨስ፣ በሁቅና ማስገባት። ከዚያም እያንዳንዱ መንገድ ኒኮቲንን በምን ፍጥነትና በምን መጠን ወደ ሰውነት እንደሚያደርስ ከሕክምና ሳይንስ ጋር ያመሳክራል። መደምደሚያው ብርቱ ነው። ኒኮቲን በጥቂቱ ሲወሰድ ያነቃቃል፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ እጅግ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽን አቋርጦ ሰውን እንደ ሬሳ ይዘረጋል። ሻማኑ ሞቶ ወደ መናፍስት ዓለም ሄደ፣ ተመልሶም መጣ የሚለው እምነት ስለዚህ በተመልካቹ ዐይን ፊት የሚፈጸም ነገር ይሆናል። ብዙ ትምባሆ የወሰደ ሰው ድምፁ ይጐረንናል፣ የዐይኑም አመለካከት ይለወጣል፤ ሻማኑ ጃጓር ይሆናል የሚለው ትምህርት ከዚህ ኀይል ያገኛል። ዊልበርት ሃይማኖቱን ትምባሆ ፈጠረው አይልም፤ የነበረውን እምነት ትምባሆ በሥጋ ላይ አረጋገጠው ይላል። ይህ ጥንቃቄ የሚመሰገን ነው። እምነትን ሁሉ ወደ ኬሚስትሪ ከሚያወርዱት ጸሐፊዎች የሚለየውም ይኸው ነው።

ጕድለቱ ያለው ሌላ ላይ ነው። ዊልበርት ለብዙ ዓመታት ያጠናው ዋራኦ የተባለውን በኦሪኖኮ ወንዝ መፍሰሻ የሚኖረውን የቬኔዙዌላ ሕዝብ ነው። በዋራኦ ዘንድ ትምባሆ በረጅም ሲጋር ይጨሳል፤ ጢሱም የመናፍስት ምግብ ነው፤ መናፍስቱ ያለ እርሱ ስለሚራቡ ሰውና መናፍስት አንዱ የሌላው ዕዳ ተሸካሚ ሆነው ይኖራሉ። ይህ አሳብ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያማረና የዳበረ ክፍል ነው። ነገር ግን ጢስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሱረት ግን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የዋራኦን ጢስ መለኪያ አድርጎ የተነሣ ጥናት ወደ ፓኖዎች ሱረት ሲደርስ የሚያየው አንድ ተጨማሪ የመግቢያ በር ብቻ ነው። አፍንጫው ተገልጿል፤ የአፍንጫው ሽፋን ኒኮቲንን እንዴት እንደሚቀበልም ተገልጿል፤ ዱቄቱን የነፋው አፍ ግን የክርክሩ መሠረት አልሆነም። የትምባሆን ታሪክ በሰውነት ቀዳዳዎች መከፋፈል ሰጪውን ከታሪኩ ያስወጣዋል።

የፓኖዎቹን ሕይወት ያጠኑት ሰዎች የጻፉት ሲነበብ ግን ሰጪው ነው ጎልቶ የሚታየው። ፊሊፕ ኤሪክሶን ስለ ማቲስ ሕዝብ ባደረገው ጥናት ዓለም ሁሉ በሁለት ጣዕም እንደሚከፈል ያስረዳል። አንደኛው ቺሙ ማለት መራራው፣ ሁለተኛው ባታ ማለት ጣፋጩ ነው። የቀስት መርዝ፣ የእንቁራሪት መርዝና የትምባሆ ሱረት በመራራው ወገን ይቈጠራሉ፤ የአዳኝ ኀይልም ከዚያው ወገን ነው። በካሺናዋ ቋንቋ ሻማኑ ሙካያ ይባላል፤ ሙካ መራራ ማለት ስለ ሆነ ስሙ «ምሬት ያለበት ሰው» እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው እንስሳት ስለሚያናግሩት ለማደን እንደማይችል ኬኔት ኬንሲንገር ጽፏል። በማሩቦ ዘንድ ደግሞ የሻማኑ ስም ሮሜያ ነው፤ ሮሜ ትምባሆ ማለት ነው። ሦስቱም ሕዝቦች ስለ ትልቁ ሰው ሲናገሩ የሚጠሩት በውስጡ ያለውን መራራ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይጠቅማል። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ሰው መራራ ነገር ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ኮሶ መራራ ነው፣ ያሽራል፣ ትሉን ይዞ ይወጣል። አማዞኑን በኮሶ የሚመለከት ሰው ግን እንደገና ይሳሳታል። የኮሶ ምሬት ሥራውን ሠርቶ ከሰውነት ይወጣል፤ ሰውዬውም በማግሥቱ ፍትፍቱን ይበላል። የማቲስና የካሺናዋ ምሬት ግን በሰውዬው ውስጥ ይቀመጣል፣ ይከማቻል፣ በጾምና ከጣፋጭ በመራቅ ይጠበቃል፣ ጊዜው ሲደርስም ለሌላ ይተላለፋል። «ማንጻት» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለሚወጣው ነገር ነው። ንፍጡና ትውከቱ በርግጥ ይወጣሉ፤ ለውጭ ተመልካች የሚታየውም እነርሱ ብቻ ናቸው። የባለቤቶቹ ቋንቋ አጥብቆ የሚናገረው ግን ስለሚገባውና ስለሚቀረው ነው።

ይህ የሚገባው ነገር ደግሞ ከማንም ሊመጣ አይችልም። ኤዲሌኔ ኮፋቺ ዴ ሊማ የተባለችው ብራዚላዊት ተመራማሪ ስለ ካቱኪናዎች የእንቁራሪት መርዝ በጻፈችው ላይ፣ መርዙን የሚቀባው ሰው ማን እንደ ሆነ እጅግ እንደሚጠነቀቁበት አስረድታለች። ቀቢው ጐበዝ አዳኝ ከሆነ ጕብዝናው ወደ ተቀባዩ ያልፋል፤ ሰነፍ ከሆነም ስንፍናው እንዲሁ። በአማዞን ፖርቱጋልኛ ፓኔማ የሚባለው፣ ማለት ፍላጻው የሚስትበት፣ አውሬው የሚሸሸው ሰው፣ ወደ ብርቱ አዳኝ ሄዶ ቆዳውን የሚያስተኩሰው ስለዚህ ነው። በማትሴሶችም መርዙ፣ ግርፋቱና ሱረቱ የአንድ ሥርዐት አባሎች ናቸው፤ ከብርቱው ወደ ደካማው፣ ከሽማግሌው ወደ ጐልማሳው ይወርዳሉ። ዱቄቱ እንግዲህ የትንፋሽ ማጓጓዣ ነው። የሽማግሌ ምርቃት በምራቅና በትንፋሽ እንደሚተላለፍ በሚታወቅበት በኢትዮጵያ ይህ አሳብ እንግዳ ሊሆን አይገባውም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት ግን የሚያበቃ ነገር የለም። ምርቃት ከላይ የተሰጠን በረከት ያወርዳል፤ የማትሴስ ትንፋሽ የሚያስተላልፈው ነፊው ራሱ በዘመኑ ያጠራቀመውን ነው።

«ከመሬት አገናኝቶ ማረጋጋት» የሚለው ሁለተኛው ቃል ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ የራቀ ነው። ቃሉ አእምሮው ወዲያና ወዲህ የሚዋልልን፣ አካሉን የረሳን ሰው ያስባል፤ ይህ ሰው የከተማ ሰው ነው። ኬንሲንገር ከ1955 ጀምሮ በፔሩ ካሺናዋዎች መካከል ተቀምጦ የተማረው ግን ዕውቀት በአንድ ሥፍራ እንደማይቀመጥ ነው። እጅ ያውቃል፣ ቆዳ ያውቃል፣ ጆሮ ያውቃል፣ ጕበትም ያውቃል፤ እያንዳንዱ አካል የየራሱ ዕውቀት አለው። እንዲህ ለሚያስብ ሕዝብ አእምሮን መልሶ ወደ አካል ማምጣት የሚባል ነገር ትርጕም ያጣል፤ መቼ ተለያይተው ነው? ሱረቱ የሚያደርገው ነገር ካለ የሚያውቀውን አካል ይበልጥ ዐዋቂ ማድረግ ነው።

ሆኖም የገበያውን ቃል በደፈናው ሐሰት ነው ብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአክሬ የሚኖሩት ሕዝቦች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በጎማ ሙጫ ነጋዴዎች እጅ ወድቀው፣ ብዙዎቹ ተገድለው፣ የቀሩትም በዕዳ ተይዘው ሙጫ ለቃሚዎች ሆነው ኖረዋል። ሚስዮናውያን በኋላ ሲገቡ የሻማኑን ሥራ ተቃወሙ። ማትሴሶች ከውጭው ዓለም ጋር ዘላቂ ግንኙነት የጀመሩት በ1969 ከሚስዮናውያን ጋር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሱረቱ በብዙ መንደር እየቀነሰ ሄደ። ያዋናዋዎችና ካቱኪናዎች የሚኖሩበት የግሬጎሪዮ ወንዝ ምድር በ1984 በአክሬ ከሁሉ አስቀድሞ ከተከለለ ወዲህ ግን የአባቶችን ሥራ መልሶ የማንሣት እንቅስቃሴ ተጀመረ፤ ዛሬ እንግዶች በሚጋበዙበት የያዋናዋ በዓል ሱረት ዋና ሥፍራ አለው። ከባለቤቶቹም መካከል እንግዳ ሲያስተናግዱ ስለ መንጻት የሚናገሩ አሉ። ይህንም ማለታቸው ለእንግዳው በሚገባው ቋንቋ መናገራቸው ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ተመራማሪው ግን ለእንግዳ የተነገረውንና በቤተ ሰብ መካከል የሚባለውን አንድ አድርጎ ከጻፈ ሥራውን አልሠራም።

ከዚህ በፊትም በሱረት ጉዳይ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ተሳስተው ያውቃሉ። ከኮሎምቦስ ጋር በሁለተኛው ጉዞ የሄደው መነኩሴ ራሞን ፓኔ በሂስፓኞላ ደሴት ታይኖዎች ኮሆባ የሚባል ዱቄት በአፍንጫ እንደሚስቡ ጽፎ ነበር። ብዙዎች ይህን ትምባሆ ነው ብለው ሲጽፉ ኖሩ። በ1916 ዊሊያም ሳፎርድ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ኮሆባ ከትምባሆ ጋር የማይዛመድ፣ የግራር ዐይነት ካለው ዛፍ ፍሬ የሚዘጋጅ መሆኑን አስረዳ። በአፍንጫ የሚሳብ ሁሉ አንድ ነገር መስሎ ስለ ታየ ነበር ስሕተቱ። ዛሬም ያኖማሚዎች የሚጠቀሙበትን ራእይ የሚያሳይ ዱቄትና የፓኖዎችን ትምባሆ ባንድ ስም የሚጠራ ጽሑፍ አይጠፋም።

በሰጪው ላይ የተመሠረተው ይህ ትችት ራሱ አንድ ብርቱ መልስ ሊሰጠው ይችላል። ኩሪፔስ? ሰው ብቻውን በማታ ተቀምጦ ለራሱ የሚነፋበት ዕቃ ካለ፣ ሰጪና ተቀባይ የሚባለው ነገር የት አለ? መልሱ በቂ ነው ለማለት ባያስደፍርም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ብቻውን የሚነፋው ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከሌላ የተቀበለ ነው፤ የያዘውን ያጠናክራል እንጂ አዲስ ነገር አይቀበልም። ነገር ግን ለድካም ወይም ለጨዋታ ብቻ የሚወስድም መኖሩ አይካድም፤ ሥርዐቱ ሁሉ ዘወትር ሥርዐት አይደለም። ዊልበርት በዚህ ላይ ከገበያው ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ ትምባሆ መርዝ መሆኑን ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ላይ እንኳ አይሸሽግም። «ያነጻል» የሚሉት ግን ይህን ይረሳሉ። በ2015 በብራዚል ራፔ ላይ የታተመ የኬሚስትሪ ምርመራ የኒኮቲኑ መጠን ከናሙና ወደ ናሙና እጅግ እንደሚለያይ፣ ካንሰር የሚያመጡ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ነገሮችም በውስጡ እንዳሉ አሳይቷል። በመንደር ውስጥ የነፊው ትንፋሽ መጠኑን ይወስናል፤ የሚያውቀውን ወጣት ዐይቶ ያበዛል ወይም ያሳንሳል። በፖስታ ተልኮ ለማያውቀው ሰው የሚደርስ ሣጥን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በዚያው በ2015 አንድሩ ራስልና ኤሊዛቤት ራህማን አዘጋጅተው ያወጡት «መምህሩ ተክል» የተባለው የብዙ ጸሐፊዎች መድበል የዊልበርትን ጕድለት በከፊል ሞልቷል። ትምባሆን እንደ ዕቃ ሳይሆን ከሰው ጋር ዝምድና እንዳለው ባለ ፈቃድ አድርገው የሚያቀርቡ ጥናቶች አሉበት። መድበሉም ግን በበኩሉ ተክሉን ከፍ ሲያደርግ ነፊውን ዝቅ እንዳያደርገው ያሠጋል፤ መምህሩ ተክሉ ከሆነ ሽማግሌው ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ ገና ነው።

በሙዚየም ያሉት ዕቃዎች ለዚህ ጥያቄ ከተጠበቀው በላይ ይረዳሉ። በስዊድን በጎተንበርግ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ዋሴን በ1965 ያሳተመው ጥናት ለሱረት የሚያገለግሉትን የደቡብ አሜሪቃ ዕቃዎች በጥንቃቄ መርምሯል። እንዲህ ባሉ መዝገቦች ውስጥ መቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ ቅርጹ ምን እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ወንዝ እንደ መጣ ይጻፋል፤ ማን ለማን እንደ ነፋበት የሚጻፍበት ሥፍራ ግን ከስንት አንድ ነው። ቢሆንም ረጅሙ መቃ ራሱ ምስክር ነው። አንዱን ጫፍ በአፉ የያዘ ሰው ሌላውን ጫፍ ወደ ገዛ አፍንጫው ሊያደርሰው አይችልም።